የሰፈራችንን የተዘጋ ሲኒማ ቤት መልሶ ስለ መክፈት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በየከተማችን በሩ በሰንሰለት የታሰረ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳው ባዶ የቀረ፣ ደጃፉን ሊስትሮና ሱቅ በደረቴ የያዙት አሮጌ ሲኒማ ቤት አይታጣም። ያደግሁት እንዲህ ካለ ቤት ጀርባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የፊልሙ ድምፅ በግድግዳው አልፎ ጓሯችን ድረስ ይሰማ ነበር፤ ከተዘጋም በኋላ ጆሮዬ ለረጅም ጊዜ ይጠብቀው ነበር። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች እንዲህ ያለውን ቤት የሰፈር መሰብሰቢያ አድርገው ሊያነሡት የሚያስቡ ሰዎች ዘወትር የሚጠይቋቸው ናቸው። በባለቤትነትና በተመልካች ጉዳይ ላይ ረዘም አድርጌ ቆይቻለሁ፤ ሥራው ብዙውን ጊዜ የሚሰናከለው በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነውና።

አዲስ አዳራሽ መሥራት አይቀልም?

አንዳንድ ጊዜ ይቀላል። መሠረቱ የሰመጠ ወይም ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የተሰነጠቀ ቤት ከሆነ መሐንዲስ የሚለውን ሰምቶ መተው ይሻላል። ነገር ግን ሲኒማ ቤት ሲሠራ ቦታው በዘፈቀደ አልተመረጠም፤ ገበያው ዳር፣ አውቶቡስ የሚቆምበት፣ ሰው በእግሩ የሚያልፍበት ነው። መሐሉ ላይ ምሰሶ የሌለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ንግግር ጥርት ብሎ የሚሰማበት አዳራሽ ዛሬ ከመሠረቱ ለመሥራት የሚያስወጣውን ገንዘብ ግንበኛ ጠይቁ። በዚያ ላይ ለአዲስ አዳራሽ አድራሻውን ለሰው ማስተማር ያስፈልጋል፤ የድሮውን ሲኒማ ቤት ግን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ሕንፃው የማን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?

ቁልፉን ከመፈለጋችሁ በፊት ወረቀቱን ፈልጉ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት ካደረገ ወዲህ የብዙ አሮጌ ሕንፃዎች ታሪክ ተወሳስቧል። አንዱ በቀበሌ ሥር ገባ፣ ሌላው በኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ሌላው በባህል መሥሪያ ቤት። ስለዚህ ፍለጋው ከወረዳው ይጀምራል፤ ከዚያ ወደ ክፍለ ከተማው የመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን፣ እንደ ሁኔታው ወደ ከተማው ባህልና ኪነ ጥበብ ቢሮ ይዘልቃል። «የእገሌ ነው ይባላል» የሚለውን አትመኑ። ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳ ወይም እግድ እንዳለበት፣ አካባቢው በከተማው ፕላን ለምን አገልግሎት እንደተመደበ በጽሑፍ አስመልሱ። ፕላኑ መንገድ ያሳልፍበታል ካለ በኋላ ጣሪያ መጠገን በውኃ ላይ መጻፍ ነው።

እዚህ ላይ የጄኒን ከተማን ታሪክ ሳልናገር አላልፍም። በፍልስጤም ዌስት ባንክ የሚገኘው ሲኒማ ጄኒን በ1987 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢንቲፋዳ፣ ማለትም የፍልስጤማውያን ሕዝባዊ አመፅ፣ ሲነሣ ተዘጋ። ከ20 ዓመት በላይ አቧራ ከጠጣ በኋላ የከተማው ልጆች፣ አንድ ጀርመናዊ የፊልም ባለሙያና ከብዙ አገር የመጡ በጎ ፈቃደኞች አጽድተው፣ ወንበሩን አድሰው፣ መሣሪያ አሰባስበው በነሐሴ 2010 እ.ኤ.አ. በደስታ ከፈቱት። መሬቱና ሕንፃው ግን የእነርሱ አልነበረም። ባለንብረቶቹ ሸጡት፤ በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻም ለንግድ ሕንፃ ሲባል ፈረሰ። ያን ሁሉ ላብ ያፈሰሱት ሰዎች ያጠፉት ነገር የለም፤ ያልነበራቸው ወረቀት ብቻ ነው። በቡርኪና ፋሶዋ ቦቦ ዲዮላሶ ከተማ ሲኔ ጊምቢ የተባለውን የተዘጋ ሲኒማ ቤት ለመመለስ የተነሣው ማኅበር ግን ገንዘብ አሰባስቦ አስቀድሞ ቦታውን ገዛ።

እኛ አገር መሬት አይሸጥም፤ በሕንፃው ላይ የሚሰጠው መብት ግን በውል ሊጠበቅ ይችላል። ከአሥር ዓመት ያነሰ የኪራይ ውል ይዛችሁ ትልቅ ጥገና አትጀምሩ። ውሉ ሦስት ነገሮችን በግልጽ ይናገር፦ ለጥገና ያወጣችሁት ገንዘብ ከኪራዩ ይታሰብ እንደሆነ፣ ባለቤቱ ሕንፃውን ለሌላ ሲያስተላልፍ የእናንተ ውል ይቀጥል እንደሆነ፣ ውሉ ቢቋረጥ ያስገባችሁት ዕቃ የማን እንደሚሆን። ይህን የሚጽፍላችሁ ጠበቃ ይሁን። ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ለቀለም ከሚወጣው ይቀድማል።

በጣሊያን ዘመን የተሠራ ሕንፃ ነው። ወራሪ የሠራውን ለምን እንንከባከባለን?

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በወረራው ዘመን ሲኒማ ቤቶች በዘር የተለዩ ነበሩ፤ ያገሩ ሰው ነጩ በሚገባበት በር አይገባም። ይህ በመግቢያው ላይ በጉልህ ሊጻፍ ይገባል እንጂ መደበቅ የለበትም። ነገር ግን ድንጋዩን የተሸከመውና ከነጻነት በኋላ ትኬት እየቆረጠ ቤቱን የራሱ ያደረገው ማን እንደሆነ አስቡ። የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀምረው ሳይጨርሱት የቀሩት ሕንፃ ነው። ተጠናቆ በ1948 ዓ.ም. በንግሥና 25ኛ ዓመት በዓል ላይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተብሎ ተመረቀ፤ ከዚያ ወዲህ የኢትዮጵያ የመድረክ ጥበብ ቤት ነው። አስመራም በ1937 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ሲኒማ ኢምፔሮን ጨምሮ ሕንፃዎቿን ጠብቃ በ2017 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍራለች።

ሕንፃው በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ መለወጥ አይቻልም። የፊት ገጹን ሴራሚክ ከመለጠፋችሁ በፊት ጠይቁ። እውነቱን ለመናገር ሕግ ባይከለክልም አትለጥፉ።

መጀመሪያ ስንገባ ምን እንመልከት?

ብቻችሁን አትግቡ፤ በጨለማም አትግቡ። ዓመታት የተዘጋ አዳራሽ የርግብና የሌሊት ወፍ ኩስ ይከማችበታል፤ ደርቆ ሲቦን ሳንባ የሚያሳምም ፈንገስ ሊይዝ ስለሚችል በደረቁ አይጠረግም። አፍና አፍንጫን በሚገባ በሚሸፍን ጭምብል፣ ውኃ እየተረጨ ይነሣል። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ በተሠሩ ቤቶች የጣሪያ ክዳንና የኮርኒስ ሰሌዳ ውስጥ አስቤስቶስ መኖሩ የተለመደ ነው። ሳይነካ ከተቀመጠ ጉዳቱ ትንሽ ነው፤ ሲሰበርና ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ያመጣል። ወጣቶች በዘመቻ መዶሻ ይዘው ገብተው ኮርኒሱን እንዲያወርዱ ከመፍቀዳችሁ በፊት ባለሙያ ይየው።

ከዚያ ጣሪያው። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያውንና አሸንዳውን ብቻ ብትጠግኑ የዓመቱን ትልቅ ሥራ ሠርታችኋል። ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያላቸው፣ ውኃ የሚያፈስ ጣሪያ ግን ያልተነካባቸው አዳራሾች አይቼ አዝኛለሁ፤ በመጀመሪያው ሐምሌ ቀለሙም ወንበሩም አብረው ይበላሻሉ።

ፎቁ ላይ ሰገነት ካለ መሐንዲስ ክብደት የመሸከም አቅሙን እስኪያረጋግጥ ድረስ ማንም አይውጣበት። የመብራት መስመሩን ሙሉ በሙሉ እንደ አዲስ ዘርጉ፤ በአሮጌ ሽቦ ላይ አዲስ አምፖል መስቀል እሳት መጥራት ነው። ሲኒማ ቤት መስኮት የለውም፤ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ድንግዝግዝ እንኳ የለም። መውጫዎቹ ወደ ውጭ የሚከፈቱ፣ በዝግጅት ሰዓት የማይቆለፉ፣ በላያቸው በባትሪ የሚሠራ መብራት ያለባቸው መሆን አለባቸው። «ሌባ እንዳይገባ» ተብሎ የኋላ በር በቁልፍ ይያዛል፤ በዚህ ላይ ፈጽሞ አትደራደሩ።

በማሽን ክፍሉ ውስጥ የፊልም ጥቅልሎች አገኘን። ምን እናድርግ?

አትክፈቷቸው፣ ፀሐይ ላይ አታስጧቸው፣ አትጣሏቸው። እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ይመረት የነበረው የናይትሬት ፊልም እጅግ ተቀጣጣይ ነው፤ ሲነድ ራሱ ኦክስጅን ስለሚያመነጭ ውኃ ውስጥ እንኳ ይቃጠላል። የድሮ ማሽን ክፍሎች ግድግዳቸው የወፈረውና መስኮታቸው በብረት መዝጊያ የሚዘጋው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው አሲቴት ፊልም እንዲህ አያሰጋም፤ ሲበላሽ ግን የኮምጣጤ ሽታ ያመጣል፤ የጀመረው ጥቅልል አጠገቡ ያለውንም ያበላሻል። የሚሸተውን ለይታችሁ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፤ በቆርቆሮ ጣሳው ላይ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሡና ለቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት አሳውቁ። ከጥቅልሎቹ መካከል ከፊልም በፊት ይታይ የነበረ የዜና ፊልም ወይም የሱቅ ማስታወቂያ ሊኖር ይችላል። ትኬት፣ የገቢ መዝገብ፣ በእጅ የተሳለ ማስታወቂያ ካገኛችሁም እንደ ቆሻሻ አትዩት፤ ያ ለመተላለፊያው ግድግዳ የሚሆን ኤግዚቢሽን ነው።

አሮጌው ፕሮጀክተር ዳግመኛ ይሠራል?

ሊሠራ ይችላል፤ የሚታይ ፊልም ማግኘት ግን ከባድ ነው። አከፋፋዮች ፊልም በ35 ሚሊ ሜትር ጥቅልል መላክ ካቆሙ ቆይተዋል። ማሽኖቹን ግን አትሽጡ። ብዙውን ጊዜ ሁለት ሆነው የሚገኙት አንዱ 20 ደቂቃ ያህል የሚሄደውን የ600 ሜትር ጥቅልል ሲጨርስ ሌላው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ነው። ኦፕሬተሩ በምስሉ የቀኝ ላይኛ ማዕዘን ብልጭ የሚለውን ምልክት እያየ በቅጽበት ይቀያይር ነበር። ያንን ሙያ የሚያውቅ ሽማግሌ በሰፈራችሁ ካለ አንዱን ማሽን መተላለፊያው ላይ አቁሙና ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጆች እንዲያሳያቸው ለምኑት፤ ለድካሙም ክፈሉት። የዜኖን አምፖል ያለበት ማሽን ከሆነ ግን አምፖሉ ሳይበራም በከፍተኛ ግፊት የታመቀ ጋዝ ስላለበት ባለሙያ ብቻ ያውጣው።

ለዕለት ሥራ የሌዘር ፕሮጀክተርና ኮምፒውተር ይበቃል። 8 ሜትር ስፋት ላለው መጋረጃ፣ አዳራሹ በሚገባ ከጨለመ፣ የብርሃኑ መጠን ከ5,000 እስከ 6,000 ሉመን የሆነ ፕሮጀክተር ጥሩ ምስል ይሰጣል። ገንዘብ ከተረፈ ለድምፅ አውሉት፤ ሰው ትንሽ የደበዘዘ ምስል ይታገሣል፣ የማይሰማ ንግግር ግን አይታገሥም።

ወለሉ ተዳፋት ነው። ለሌላ ዝግጅት እንዴት ይሆናል?

ከኋላ ያለውን ተዳፋት ከነወንበሩ ተዉት፤ ከመድረኩ ፊት ያሉትን ጥቂት ረድፎች አንሥታችሁ ወለሉን በእንጨት አስተካክሉ። እዚያ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስብሰባ ይካሄዳል፣ ውዝዋዜ ይለመዳል። ተሽከርካሪ ወንበር የሚጠቀም ሰው ከመንገድ እስከ መጋረጃው ፊት ያለ ሰው እርዳታ መድረስ አለበት፤ መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ለሕዝብ አገልግሎት የሚውል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች መግቢያ እንዲኖረው ካዘዘ ዓመታት አልፈዋል።

ሰው ሁሉ በስልኩ እያየ ማን ይመጣል?

ሲኒማ ቤቶቻችንን ያዳከማቸው ስልክ አይደለም፤ ስልክ ሲመጣ ብዙዎቹ ታመው ነበር የቆዩት። አስቀድሞ የቪዲዮ ቤቶች መጡ፣ ቀጥሎ ሳተላይት ቴሌቪዥንና የእግር ኳስ ማሳያ ቤቶች። እነዚህ ሁሉ ግን አንድ ነገር ይመሰክራሉ፦ ሰው ቤቱ ቴሌቪዥን እያለው ከሌላ ሰው ጋር ተቀምጦ ለማየት ይከፍላል። ጨዋታን በብቸኝነት ማየት የሚወድ ጥቂት ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ምን እናሳይ?» ብቻ አይደለም፤ «በየትኛው ቀን?» የሚለው ይበልጣል። ግጥም ከጃዝ ሙዚቃ ጋር የሚቀርብበት «ግጥም በጃዝ» የተባለው ምሽት በአዲስ አበባ ለዓመታት በየወሩ ራስ ሆቴልን ሲሞላ አይተናል። ግጥም ለማዳመጥ ሰው አይከፍልም ይባል ነበር፤ ቀኑ ታውቆ ሲጸና ግን ሰው ወሩን ቆጥሮ መጣ። ታዋቂው የፊልም ባለሙያ ኃይሌ ገሪማም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ አከፋፋይ ባጣ ጊዜ ራሱ አዳራሽ እየተከራየ ከከተማ ከተማ ሲያሳይ ሰው በአፍ ለአፍ ወሬ እየተጠራራ ይመጣለት ነበር። የሰፈር አዳራሽም ማስታወቂያው ይኸው ነው።

የምመክረው ትንሽ ጀምሮ አለማቋረጥን ነው። ቅዳሜ ጠዋት የልጆች ፊልም፣ ማክሰኞ ከሰዓት ለአረጋውያን የድሮ ፊልም ከቡና ጋር፣ በወር አንድ ዓርብ የሰፈሩ ወጣቶች የሠሩት አጭር ፊልም ከነውይይቱ። አሥራ አምስት ሰው ቢመጣም አሳዩ። አንድ ቀን «ሰው ስላነሰ» ተብሎ ከተሰረዘ በሚቀጥለው ሳምንት አሥሩም አይመጡም። በመርካቶው ሲኒማ ራስ የህንድ ፊልም እያየ ያለቀሰ ትውልድ ዛሬ የልጅ ልጅ አለው፤ ሁለቱን አንድ ወንበር ረድፍ ላይ የሚያስቀምጥ ዝግጅት ከማንኛውም አዲስ ፊልም ይልቅ አዳራሽ ይሞላል ብዬ አምናለሁ።

ከትዕይንት ውጭ ባሉት ሰዓታት በሩ ክፍት ይሁን። የሞሮኮዋ ታንጀር ከተማ በ1938 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ሲኒማ ሪፍን በ2006 እ.ኤ.አ. ለትርፍ የማይሠራ የፊልም ማዕከል አድርጋ ስትከፍት፣ የፎቶግራፍና የፊልም ባለሙያዋ ይቶ ባራዳና ባልደረቦቿ የመግቢያውን ካፌ የቤቱ እምብርት አደረጉት። ፊልም የማያይ ሰው ለሻይ ይገባል፤ ለሻይ የገባ ሰው ማስታወቂያውን ያያል። እኛ ደግሞ ጀበናው አለን።

ከዩቲዩብ ያወረድነውን ፊልም ማሳየት እንችላለን?

አትችሉም፤ ትኬት ባትሸጡም። ፊልምን በሕዝብ ፊት ማሳየት በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለባለ መብቱ የተጠበቀ ነው። ያገራችን ፕሮዲውሰሮች ቆየት ላለ ፊልም በትንሽ ክፍያ፣ አንዳንዴም በነጻ፣ በጽሑፍ ይፈቅዳሉ፤ ጠይቋቸው። ዋና ተዋናዩን ጋብዛችሁ ከተመልካች ጋር ብታገናኙ ደግሞ የበለጠ ደስ ይላቸዋል።

ማን ያስተዳድረው?

ዕድሩ በሥራው ውስጥ ይኑር፤ ሥራውን ግን ዕድሩ ብቻ አይሸከመው። ዕድር ሰፈሩ ያመነው ሊቀመንበር፣ የሚቆጠር ገንዘብና የሚነበብ መዝገብ አለው፤ ድንኳኑንና ወንበሩን የሚያስቀምጥበት ቦታም ይቸግረዋል። ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ክፍል ስጡት፣ ወርኃዊ ስብሰባውንም በነጻ ያድርግ፤ ያን ጊዜ ሕንፃው ጠባቂ አገኘ ማለት ነው። ፊልም መርጦ የማሳየት፣ የኪራይና የቅጥር ሥራ ግን በሕግ የተመዘገበ ድርጅት ይፈልጋል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113 እንዲህ ያለው ድርጅት ለዓላማው የሚውል ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠራ ይፈቅዳል። በቦርዱ ውስጥ ቢያንስ አንድ የሒሳብ ባለሙያ፣ አንዲት እናትና ከሃያ አምስት ዓመት በታች የሆነ አንድ ወጣት ይኑሩ። የሦስቱ አስተያየት ካልተሰማ አዳራሹ የጎልማሳ ወንዶች መሰብሰቢያ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘቡስ?

ከትኬት አይገኝም። ትኬት ለጽዳትና ለጥበቃ ከበቃ ጥሩ ነው። ገቢው የሚመጣው በሥራ ቀን አዳራሹን ለሥልጠና፣ ለምርቃት፣ ለመጽሐፍ ምረቃ፣ ለልምምድ ከማከራየት፣ ከካፌውና በመንገዱ በኩል ካሉት ሱቆች ነው። ለጥገናው ደግሞ የምታሰባስቡትን በክፍል በክፍል ከፋፍሉት፦ ጣሪያ፣ መብራት፣ መጸዳጃ ቤት፣ ወንበር። እያንዳንዱ ሲያልቅ በሩን ከፍታችሁ ለሰፈሩ አሳዩ፤ ደረሰኙንም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ሰው ያየውን ይደግፋል።

በውጭ አገር የምንኖር የሰፈሩ ልጆች ምን እናድርግ?

አሮጌ ፕሮጀክተር በኮንቴይነር አትላኩ። ለጣሪያው አዋጡ፤ ካዋጣችሁም ሒሳብ ጠይቁ። የፊልም ፈቃድ፣ የፎቶግራፍና የቤተሰብ ቪዲዮ ቅጂ ከእናንተ ዘንድ ይገኛል። ዋሽንግተን ያላችሁ ደግሞ በዩ ስትሪት ላይ ያለውን ሊንከን ቴአትር ታውቁታላችሁ። በ1922 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ያ የጥቁሮች ሰፈር ሲኒማ ቤት ዓመታት ተዘግቶ ቆይቶ በ1994 እ.ኤ.አ. ታድሶ ተመለሰ። አካባቢው ሲያምር ግን ኪራይ ጨመረ፤ ብዙ ነባር ነዋሪዎችና ሱቆች ለቀው ሄዱ። ይህንን ለእኛ ኮሚቴዎች ንገሯቸው፦ ከአዳራሹ ጋር የሚኖረው የሻይ ቤት፣ የጸጉር ቤትና የሊስትሮ ቦታ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በውሉ ይጠበቅ።

ስሙን እንለውጥ?

አትለውጡት። ፊልም ለማየት ያልገባ መንገደኛ እንኳ «ሲኒማ ራስ»፣ «አምባሳደር» ብሎ ከታክሲ ይወርዳል። ለአዲሱ ድርጅት የፈለጋችሁትን ስም አውጡለት፤ በበሩ ላይ ያለው ፊደል ግን ወልቆ ከሆነ በዚያው ቅርጽ አስቀርጻችሁ መልሱት፣ ማታ ማታም መብራቱን አብሩለት። ከጣሪያው ቀጥሎ ይህን ብትሠሩ፣ ገና አዳራሹ ሳይከፈት «መቼ ነው የሚጀምረው?» የሚል ሰው ደጃፉ ላይ ታገኛላችሁ፤ ያን ጊዜ ስሙንና ስልኩን መዝግቡ።